የክንፋሞቹ ማዕድ

«ከበላች በኋላ እንነግራታለን» አለ የወንድ ድምፅ። «እማዬን አታውቂያትም እንዴ? ከበላች በኋላ እምቢ አትልም።»

ድምፁ የመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነበር። ልጅቷ ጥርሷን እየቦረሸች ከወንድሟ ጋር ስታወራ ስልኩን ሳሙናው አጠገብ አስቀምጣ ድምፁን ለቃዋለች፤ በሩ ደግሞ እርጥበት ካሳበጠው ወዲህ ገጥሞ አያውቅም። እናትየው ኮሪደሩ ላይ፣ የሚታጠብ ልብስ ከተከመረበት ቅርጫት ጎን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። በቤቱ ካሉት አምፖሎች ሁሉ ለዓይኗ የሚበቃው የኮሪደሩ ብቻ ነው።

«ቤቱስ?» አለች ልጅቷ፣ አፏ በአረፋ ተሞልቶ።

«ለቤቱ ተከራይ ተገኝቷል። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መጥታ ታየዋለች። አንቺ ብቻ እስከ ምሳ ድረስ ዝም በይ።»

እናትየው ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ያኔ ቀፎ ያነሳ ሁሉ «ሴንትራል» ብሎ ነበር የሚጠራት። ማዞሪያው ተነቅሎ ብረቱ ለቁርጥራጭ ከተሸጠ በኋላም ስሙ እሷ ላይ ቀረ፤ ጎረቤቱም፣ ዳቦ ሻጩም፣ ማሾፍ ሲያምራቸው ልጆቿም ሴንትራል ይሏታል። በሥራ ዘመኗ የሰማችውን ብታወራ ኖሮ የከተማው ግማሽ ባልና ሚስት ይፋታ ነበር። የሥራው ሕግ ቀላል ነው፤ መስመሩን አገናኝተሽ ጆሮሽን ታነሺያለሽ፣ ካላነሳሽም ያልሰማሽ ትሆኛለሽ። አሁንም ያልሰማች ሆና ገጹን ገለጠች።

መጽሐፉ በዚያ ዓመት በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየቢሮው መሳቢያ የማይጠፋው ወፍራም የክንፋሞች ልቦለድ ነው። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ አብራት ከምትሠራ ጓደኛዋ ተውሳ በሁለት ቀን ከጨረሰችው በኋላ «ጊዜዬን በላው» ብላ መደርደሪያው ላይ ወርውራው ነበር። ደራሲዋ የምትጠራቸው ፌሪ ብላ ነው፤ ሴንትራል ግን ቃሉ አፏ ውስጥ አልመች ስላላት ክንፋሞቹ ትላቸዋለች። ሽፋኑ ላይ ደረቷ ግማሽ የተገለጠ ልጅ አመድማ ክንፍ ያለውን ሰው አንገት አቅፋለች፤ ይህን ይዞ በዕድሜዋ አደባባይ መውጣት ስለማይቻል በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለብዳዋለች። ታሪኩ የአንዲት ጨው ሻጭ ነው። ጨው ሻጯ የጠፋች እህቷን ፍለጋ ወንዙን ስትሻገር፣ አመድማ ክንፍ ያለው ጌታ በጭጋግ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተቀበላት። ክንፋሞቹ አይዋሹም፤ አንዲት የውሸት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ ክንፋቸው ይረግፋል። እውነቱን ግን ጀርባውን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ከማዕዳቸው የቀመሰ ሰው ደግሞ የመጣበትን መንገድ ይረሳል።

ሴንትራል ጣቷን ገጹ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ልጇ ያለው እውነት ነው። ወጭት ሰባሪ መሆን አትችልም። ባሏን እሺ ያለችው አክስቱ ቤት ግብዣ በልታ ስትነሳ ነው። የሌሊት ፈረቃውን የተቀበለችው አለቃዋ ምሳ ከጋበዛት በኋላ ነው። የሰው ምግብ ሆዷ ውስጥ እያለ አይ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ እንደ ትልቅ ዕቃ በጠባብ በር አልወጣ ይላታል። ይህን የሚያውቅ ደግሞ ያጠባችው ልጅ ነው።

ልጅቷ ፊቷን እያደረቀች ወጣች። «እዚህ ነበርሽ እንዴ?»

«እዚህ ነኝ።»

«እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ፋርማሲ ነኝ። ለምሳው እዚያው ወንድሜ ቤት እንገናኝ። ጃንጥላ ያዢ።» ተጎንብሳ የእናቷን ጉንጭ ሳመችና የተከፈተውን ገጽ አየት አደረገች። ሌላ ነገር የምትል መሰለች። ከዚያ ቁልፏን ፈልጋ ወጣች።

በአውቶቡሱ ውስጥ እርጥብ ልብስ ይሸታል። ሴንትራል ከመስኮት አጠገብ ቦታ አግኝታ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ዝናቡ የሚዘንብም የማይዘንብም ዓይነት ነው፤ መስታወቱ ላይ ያርፍና የሱቁን ማስታወቂያ፣ የትራፊክ መብራቱን፣ የሰዉን ኮት ቀለም አቅልጦ አንድ ላይ ያፈሳል። ጨው ሻጯ በነጭ ድንጋይ ደረጃ ትወጣለች፤ አውቶቡሱ ዳገቱን ይወጣል። የቤተ መንግሥቱ በሮች ማንም ሳይነካቸው ይከፈታሉ፤ የአውቶቡሱ በር እየተነፈሰ ይከፈትና ሁለት ባለ ካኪ ጥበቃዎችን፣ አንዲት አበባ የያዘች ሴትን፣ ቀዝቃዛ አየርን ያስገባል። ከፊቷ ያሉ ሁለት ሰዎች ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ፤ አንደኛው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት በኪሎ ስንት እንደነበር ሲናገር ድምፁ ስለ ሟች እንደሚያወራ ነው።

«የት ደረሱ፣ እማማ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ተማሪ መሳይ ልጅ፣ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ነቅላ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። ቢለብዱትም ጠርዙ ሐምራዊ ነው፣ አወቅኩት።»

ሴንትራል እንደተያዘ ሌባ ትንሽ ደነገጠች፤ ከዚያ ደስ አላት። «ማዕዱ ላይ ተቀምጣለች። ገና አልበላችም።»

«ውይ፣ ገና ነዎት። ከዚያ በኋላ እኮ ነው…» ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ትበላለች?»

«አልነግርዎትም፣ ይረግሙኛል። እሱን ግን ወደዱት? ባለ አመድ ክንፉን?»

ሴንትራል አሰበችበት። «መልኩ ጥሩ ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ ከጥያቄው ጎን ነው የሚያርፈው።»

«እሱ እኮ ነው ውበቱ።»

«ስታገቢ ታይዋለሽ ውበቱን።»

የቲማቲሙ ሰውዬ ዞር ብሎ ሳቀ። ልጅቷም ስቃ ማዳመጫዋን መለሰች፤ ሴንትራል ወደ ጭጋጉ ተመለሰች። መውረጃዋን በአንድ ፌርማታ አለፈችው፤ ወደ ኋላ የተራመደችውን መንገድ በደንብ አላየችውም። እግሯ ኩሬ ረግጦ ነበር፤ ያወቀችው ሊፍት ውስጥ ገብታ መስታወቱ ውስጥ አንዲት ጫማዋ የራሰ፣ ዓይኗ ያበራ አሮጊት ስታይ ነው።

የወንድ ልጇ ቤት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጇ መሐንዲስ ነው፤ ሚስቱ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ቤቱ ብሩህ ነው፣ ሁሉ ነገር ነጭ ወይ መስታወት ነው፣ በመስኮቱ ከተማው ከታች በዝናብ ጭስ ተሸፍኖ ጣሪያ ጣሪያው ብቻ ይታያል። ምራቷ ለስላሳ ነጠላ ጫማ አድርጋ ያለ ድምፅ ትሄዳለች፤ ቆንጆ ናት፣ ጨዋ ናት፣ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ኮቷን ተቀበለቻት፣ ጫማዋ እንዲደርቅ ጋዜጣ ሞላችበት። ሴንትራል እጇን ልትታጠብ ስትሄድ በግራ በኩል ያለው፣ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረው ክፍል ተከፍቶ አየች። አዲስ የአልጋ ልብስ፣ አዲስ የራስጌ መብራት፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠ ነጠላ ጫማ በእሷ ቁጥር። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ የልጅ አልጋ፣ ከበሩ ኋላ የታጠፈ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ። መስኮቱ ሌላ መስኮት ያያል።

ስድስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጇ ቀሚሷን ያዘቻት። «የማን ክፍል እንደሆነ አልነግርሽም። ሚስጥር ነው።»

«አትንገሪኝ» አለች ሴንትራል።

ምሳው ቀረበ። ሾርባ፣ ሩዝ፣ በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ፣ በእርጎ የተለወሰ ሰላጣ፣ ለዚህ ቀን ተብሎ የወጣ የብርጭቆ ዕቃ። ሽታው ጥሩ ነበር፤ ሴንትራል ከጠዋት ጀምሮ ከሻይ በቀር የቀመሰችው የለም። ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች፤ እዚያው ተወቻቸው።

«ብይ እንጂ እማዬ» አለ መሐንዲሱ።

«እሺ፣ ቆይ።»

ትልቅ ሰው ሳይጀምር ማንኪያ አይነሳም፤ ይህን ለልጇ ያስተማረችው ራሷ ናት፣ እሱም ለልጁ አስተምሯል። አራት ሰሃን ይጨሳል። ምራቷ ሰላጣውን ወደ እሷ ገፋ አደረገች። መሐንዲሱ ስለ ሊፍቱ ጥገና አወራ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ እንደገና ስለ ሊፍቱ። ሾርባው ላይ ስስ ቆዳ ወጣ።

«አፈር ስሆን፣ እማማ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ» አለች ምራቷ። «ጥርስዎን አሞዎት ነው?»

«ጥርሴ ደህና ነው።»

«ታዲያ በሞቴ» አለ ልጇ።

«አትሙት። ቆይ ብያለሁ።»

ዝም ተባለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ቤት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንኪያና ሰሃን ይሸፍኑታል። ዛሬ የሚሸፍነው አልነበረም። ሴንትራል በዝምታው ውስጥ ጨው ሻጯን አየቻት፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ ቆዳው የሚያበራ ፍሬ፣ በዙሪያው የሚያማምሩ ፊቶች በትዕግሥት ይጠብቋታል፣ ማንም አያስገድዳትም። የልጅ ልጇ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ «ሞትኩ» አለች። የመሐንዲሱ ሆድ ጮኸ። ሁሉም ሰሙት፣ ማንም አልሳቀም።

ሴት ልጇ የመጣችው በዚህ መሃል ነው፤ ፀጉሯ ረጥቦ፣ ልብሷ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ። ያልተነካውን ምግብ አየች፣ የወንድሟን ፊት አየች፣ ከዚያ የእናቷን እጆች። ቦርሳዋን ቀስ ብላ አወረደች።

«እማዬ» አለች፣ «እኛ እኮ ክንፍ የለንም።»

«አላችሁ አላልኩም።»

«የምን ክንፍ?» አለ መሐንዲሱ። «የዶሮውን ነው? ክንፍ ከፈለግሽ እኮ አለ፣ ይኸው።» እናቱና እህቱ ሲያዩት ሹካውን መልሶ አስቀመጠ። ግንባሩን ጠረገ። በልጅነቱም ረሃብ አይችልም ነበር። «እሺ፣ በቃ ልንገርሽ። ከምሳ በኋላ ልልሽ ነበር። እዚህ ከእኛ ጋር ብትሆኚ ብለን ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ከምትሆኚ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፤ ያንቺ ነው።»

«ቁልፍ አለው?»

«ክፍሉ?»

«ክፍሉም፣ ቤቱም።»

«ቁልፍ ምን ያደርግልሻል? ሁልጊዜ ሰው ይኖራል።»

ሴንትራል ራሷን ነቀነቀች። አልዋሸም። «ልጅቷን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል?»

«ደስ ካለዎት እርስዎ» አለች ምራቷ ለስለስ ብላ። «እሷም እርስዎ ጋ መተኛት ነው የምትፈልገው፣ ብቻዋን ትፈራለች።»

«ደስ ካላለኝስ?»

ምራቷ ባሏን አየች። እሱ የጨው ዕቃውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞረው።

«የእኔስ ቤት?» አለች ሴንትራል።

«ባዶውን ከሚቀመጥ ይከራይ ብለን…» መሐንዲሱ ድምፁን ጠረገ። «አንዲት ጨዋ ልጅ አግኝተናል። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ብቅ ብላ ታየዋለች። ለአንቺ ብለን ነው እማዬ፣ ሌላ ምንም የለውም።»

በጠባቡ በር ዕቃው እንዴት በቀላሉ እንደወጣ ራሷም ገረማት። ሆዷ ባዶ ነበር፤ መንገዱን የሚዘጋ ነገር አልነበረም። «አልመጣም ልጄ» አለች። «ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ። ቤቴን አልለቅም።»

ከሊፍቱ በኩል ደወል ተሰማ፣ ጠፋ። ሴንትራል ከዚያ ማንኪያዋን አነሳች፣ የሾርባውን ቆዳ ወደ ዳር ገፋች፣ መብላት ጀመረች። ሾርባውን ጨረሰች። ሩዝ ጨመረች። ከዶሮው የጭኑን ሥጋ ራሷ መርጣ አወጣችና አጥንቱን አጥርታ በላች። ሰው ቤት እንዲህ በልታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የሚከተለውን ስለምትፈራ ጥቂት ቀምሳ ነበር የምትተወው። ከልጅ ልጇ በቀር ሌሎቹ ምግቡን ያገላብጡ ነበር። ምራቷ አንድ ጊዜ «ይጨምሩ» አለቻት፤ ያለችው ከልቧ ይሁን አይሁን ለማወቅ ሴንትራል አልሞከረችም፣ ጨመረች።

ሲወጡ መሐንዲሱ እስከ ሊፍቱ ሸኛቸው። «ብትወድቂ እኔ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ይህን አስቢ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። በሩ ተዘጋ።

እናትና ልጅ በአንድ ጃንጥላ ሥር ሄዱ። ልጅቷ ጃንጥላውን ወደ እናቷ አዘንብላ የራሷ ትከሻ ይረጥባል፤ ግን ፈጥና ነው የምትራመደው፣ ሴንትራል ለመድረስ ትንፋሿ ያጥራታል። መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ጫፋቸው በጭጋጉ ተውጧል። አንድ የተዘጋ የሙሽራ ልብስ ሱቅ መስኮት ውስጥ ራስ የሌላቸው ነጭ ቀሚሶች ቆመው ያዩአቸዋል።

«ከማን ሰማሽ?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«የመታጠቢያ ቤቱ በር አይገጥምም።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ።»

«አንቺም ዝም ብለሽ ነበር።»

ልጅቷ ቆመች። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። «ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። የሆስፒታል ፋርማሲ ኃላፊ። ነገ መልስ ስጪ ብለውኛል። አንቺ እዚያ ከገባሽ እሄዳለሁ፣ ካልገባሽ እቀራለሁ፤ እንዲህ ነበር ሂሳቡ። አሁን አንቺ ሳትበዪ አመለጥሽ። ጎበዝ። እኔስ? እኔ የማንን ማዕድ ነው ዕድሜ ልኬን ስበላ የኖርኩት?»

ሴንትራል መጽሐፉን ስታነብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ራሷን ጨው ሻጯ አድርጋ ነበር። እንደ ባለ አመድ ክንፉ ጌታ፣ ምሽቱን ሁሉ ትኩስ ምግብ ይዛ በር በሩን እያየች የምትጠብቀው፣ «የትም አትሂጂ አላልኩሽም» ብላ ሳትዋሽ መናገር የምትችለው እሷ ልትሆን እንደምትችል አንድም ገጽ ላይ አልታያትም። ልጇን አየቻት፤ ከዓይኗ ሥር የደከመ፣ ከንፈሯ የተነከሰ፣ ሠላሳን ያለፈች ሴት። ይቅርታ ማለት ቀላል ነበር፣ አላለችም። «እግሬ ራሰ፣ እንሂድ» አለች። ልጅቷ በአፍንጫዋ ተነፈሰችና መንገዱን ቀጠለች፣ አሁን ግን በእናቷ እርምጃ።

ቤቱ በር ላይ አንዲት ወጣት ቆማ ነበር። መሐንዲሱ ደውሎ አትምጪ ለማለት አፍሮ ይሁን ተናዶ፣ አልደወለም። ወጣቷ ጥርስ የሚሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጥፍሮቿ ሥር ነጭ ጄሶ ገብቷል፣ ጫማዋም በጄሶ ተረጭቷል። «ይቅርታ፣ ቀድሜ መጣሁ መሰለኝ። ለቤቱ ነበር» አለች።

«ቤቱ አይከራይም» አለች ሴንትራል በሩን እየከፈተች። «ልጄ ተሳስቶ ነው።»

«አይ» አለች ወጣቷ፤ ትከሻዋ ወረደ። «እንዲያውም ሙሉ ቤት ለእኔ ይበዛ ነበር፣ የምትጋራኝ ጓደኛ ልፈልግ ነበር። እሺ እማማ፣ ይቅርታ።»

«ቆይ። ግቢ።»

ሴንትራል ኮቷን ሳታወልቅ፣ እርጥብ ጫማዋ ወለሉን እያራሰ፣ በኮሪደሩ አልፋ የሴት ልጇን ክፍል በር ከፈተች። አልጋው አልተነጠፈም፤ ወንበሩ ላይ ነጭ ጋዋን ተሰቅሏል፣ መስኮቱ በዝናቡ ግራጫ ነው። «ይህኛው ሊለቀቅ ይችላል» አለች። «ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ያ ሶኬት አይሠራም። ወጥ ቤቱን ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ ለራሴ እሠራለሁ፣ አንቺም ለራስሽ። ስትወጪም ስትገቢም አልጠይቅም። የራስሽ ቁልፍ ይኖርሻል።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ ከኋላ። ጃንጥላውን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ውሃው እግሯ ሥር ይንጠባጠባል። «እኔን ሳትጠይቂ?»

«እየሰማሽ ነው እኮ የማወራው» አለች ሴንትራል ሳትዞር። «እምቢ በይ። ምሳ እንደሆነ አልበላሽም።»

ወጣቷ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። በሰው ጉዳይ መሃል እንደገባች ገብቷት መውጣት ፈልጋ ነበር፤ ግን ክፍሉን ወዳው ነበር፣ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ድፍረቷን ሰብስባ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«አልጋው አብሮ ነው?»

«አብሮ ነው» አለች ሴንትራል።

ልጅቷ ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ገብታ ከወንበሩ ላይ ጋዋኗን አነሳች፣ አጠፈችው፣ ክንዷ ላይ አደረገችው።

«አይደለም» አለች። «አልጋዬን ይዤው እሄዳለሁ።»

ሴንትራል አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አሳረፈች። «እንግዲያው» አለቻት ለወጣቷ፣ ድምፅዋ መስመር እንደሚያገናኝ ሰው ጠራ ብሎ፣ «አልጋ ይዘሽ ነይ።»